ሁሉም ተሳፍሯል

ሽባባው።

ይኸው፣ እንዳልከኝ ስሙን ከሰላምታው አስቀድሜ ጻፍኩት። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ሲገልጡ ዓይናቸው መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ፈልገህ ነበር። አሁን ግን ሰላምታዬን ላድርስ። ሽባባውም ቢሆን ያን ቀን ሜዳው ላይ ሲሰበስበን እንደምን አደራችሁ ብሎ ነው የጀመረው።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ልጅህ ዮሃና የዓይንህ ሞራ መገፈፉን በስልክ ነግራኛለች። ዳዊትህን ራስህ መድገም ጀምረሃል አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲያው ይህንንም ለማንም ሳትሰጥ ራስህ አንብበው። የበፊቶቹን ደብዳቤዎቼን ሰው ነበር የሚጽፍልኝ፤ ሰው በመካከል ሲኖር የሚባል አለ፣ የማይባል አለ። አሁን እኔም በእርጅናዬ፣ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናቱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ነገሩን የሰማህ ጊዜ መነኩሲት ልትሆኚ ነው ወይ ብለህ ስቀህብኛል። ሳቅህን ይዤልሃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ ሲበርድ ይይዘኛል፣ ሲሞቅም አይለቀኝም። ያው ዴን ሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል የሚባለው ሰፈር ነኝ። ከመስኮቴ ሥር ትልቁ ገበያ አለ፤ ጠዋት የዓሣ ሻጮቹ ጩኸት ይቀሰቅሰኛል። ሥራዬም ያው ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄድኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት።

ጉዳይህን ረስቼው አይደለም። ሽባባው ታርቄ ልሙት ብሎ ሽማግሌ መላኩን፣ አንተም እምቢ ማለትህን ነግረኸኛል። ሽማግሌዎቹ የእህትየዋንም ቃል እንስማ ስላሉ፣ ያኔ ለሰፈራ ሲጭኑን ታናሽ እህታችንን ዓለምወርቅን ያስቀራት እሱ መሆኑን በእጄ ጽፌ እንድልክ ትፈልጋለህ። ቃሌ ከደረሰ እርቁ ይፈርሳል፤ ሰውዬውም እንደተረገመ፣ ቀብሩ ላይ ሰው ሳይቆምለት ይሞታል። የምጽፈው ይህን አውቄ ነው። አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም፤ እሱንም ከዮሃና ነው የሰማሁት። ሽባባው በሽማግሌዎቹ አፍ፣ ልጅቱን ያገኘኋት መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው፣ የቀበርኳትም በእጄ ነው፣ ቦታውን ላሳያቸው ማለቱን።

መልሴን ከመጻፌ በፊት እዚህ የገጠመኝን ስማኝ።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ሜኔር ደከርስ ይባላል። ሜኔር ማለት እንደኛ አቶ ነው። ቤቱ ስኸቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ነው። ዕድሜውን አይቼ መጀመሪያ በልቤ አንቱ እለው ነበር፤ ኋላ አንቱታዬን ወስጄበታለሁ። አእምሮው ወደ ኋላ ሄዷል። ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ በወጣትነቱ የጫነውን መርከብ ግን አይረሳም።

ሊስቤት የምትባል ልጁ እንዳጫወተችኝ፣ ሮተርዳም ወደብ ላይ የመርከብ ጉዞና ጭነት የሚያቀናጅ ሰው ነበር። አንድ ትልቅ መንግሥት የአቶም ቦምቡን በውቅያኖስ መካከል፣ ከሰው በራቀች ደሴት ላይ ሊሞክር ሲነሣ፣ ሥራ ያውቃል ተብሎ ተቀጠረ። ቦምቡን አይነካም። የእሱ ሥራ ሰዎቹን ማንሣት ነው። የቱ ቤተሰብ በየትኛው ጀልባ እንደሚሄድ፣ ውኃው በምን በርሜል እንደሚጫን፣ እርጉዞቹ በገመድ መሰላል መውጣት ስለማይችሉ በምን ዓይነት ወንበር ወደ መርከቡ እንደሚጎተቱ፣ ሕፃናቱ ፍንዳታውን እንዳይፈሩ ከታች ባለው ክፍል ምን ፊልም እንደሚታይላቸው፣ ሁሉንም ያሰበው እሱ ነው። ሊስቤት ይህን ስትናገር ፊቷ ይበራል። አባቴ አንድም ሰው አላስቀረም ትላለች።

ከሰው የራቀች ደሴት ማለታቸው ይገርመኛል። ሰው እኮ ነበረባት። እኛንም ወደ ወለጋ ሲወስዱን ባዶ መሬት ነው ብለው አልነበር? ስንደርስ ባለቤቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው ያዩን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕሩ ሲነሣና መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሜኔር ይነሣል። ነፋሱ ሊዞር ነው ይላል። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ጀርባው ይቃናል፣ ድምፁ ይወፍራል። የትራስ ልብሱን አውልቆ ቺዙንና የጢም መላጫውን ይከትበታል። እንስሳ አይሳፈርም ብሎ ድመቷን በረንዳ ላይ ይዘጋባታል። እኔን ሶፋው ላይ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ እንድቀመጥ ያደርገኛል፤ ክንዴን ዓይኔ ላይ እንድጭንም ያዝዘኛል። ብርሃኑ በተጨፈነ ዓይንም ይገባል ይላል። ከዚያ ይጠይቀኛል።

"ሌፓ፣ ሁሉም ተሳፍሯል?"

መጀመሪያ ሰሞን ሌፓ የምትባለዋን አላውቃትም፣ እኔ እሷ አይደለሁም አልኩት። ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሩን እየገፋ፣ በካልሲው ደረጃ ልወርድ አለ። ሊስቤት መጥታ መከረችኝ። አትከራከሪው፣ አዎ ሁሉም ተሳፍሯል በይው፣ አንዲት ቃል ናት፣ ምን ትጎዳሻለች አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዳልኩት ትከሻው ወረደ። ሾርባውን ጠጣ፣ ወንበሩ ላይም አሸለበ።

እንዲህ እያልን ከረምን። ገበያ ላይ ለአገሬ ልጆች፣ ለነሳያት ሳወራላቸው በሳቅ ሞቱ። ሳያትማ፣ አንቺ ደሜ፣ መርከቡ ሲነሣ ለእኔም ቦታ ያዢልኝ፣ ሶፋው ጠባብ ከሆነ ባሌን ትቼው እመጣለሁ አለች። እኔም ሳቅኩ። ያልነገርኳቸው አለ። ክንዴን ዓይኔ ላይ ጭኜ ስቀመጥ ጨለማው ውስጥ የነፋሱ ድምፅ ወደ መኪና ሞተር ይለወጥብኝ ነበር። አንድ ሰው ቀስ ብሎ አጠገቤ የሚቀመጥም ይመስለኛል። ሶፋው ትንሽ ይሰምጣል፤ ብዙም አይደለም፣ እንደ ሕፃን ክብደት። ጎኔን ይሞቀኛል፤ የትኩሳት ሙቀት ነው፣ አውቀዋለሁ። አዎ፣ ሁሉም ተሳፍሯል ስል ሙቀቱ ይሄዳል። ዓይኔን ስገልጥ ሽማግሌው ተኝቷል።

ባለፈው መስከረም፣ ስለነዚያ ሙከራዎች እዚሁ ዴን ሃግ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ከደሴቲቱ ሰዎች የተወለደች አንዲት ሴት መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ። ሜኔርን ለማየት ሊስቤትን ለመነቻት። ሊስቤትም አባቷ የሚመሰገን መስሏት፣ የሚያምረውን ሹራቡን አልብሺልኝ፣ ጠጉሩንም አበጥሪልኝ አለችኝ። ብስኩት ገዝታ በሳሕን ደረደረች።

ሴትዮዋ ብስኩቱን አልነካችም። በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ሊስቤት ወደ እነሱ ቋንቋ ትመልሳለች፣ እኔ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሌፓ አክስቷ ናት፤ የአባቷ እህት። ከእውነተኛው ቀን በፊት ሕዝቡን ለልምምድ እያሉ ብዙ ጊዜ አሳፍረው መልሰዋቸው ነበር። ሰው ታክቶታል። በእውነተኛው ቀን ሌፓ እንደ በፊቱ ልምምድ መስሏት፣ የወለደች አሳማዋን ብቻዋን አልተውም ብላ ደሴቲቱ ጫፍ ላይ ቀረች። አሳማ ነው፣ ይቅር በለኝ፣ ግን ለእነሱ እንደኛ ላም ነው። መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመ። ሰማዩ ነጣ። ተመልሰው ሲያገኟት ዕውር ነበረች። ጥቂት ዓመት ኖረች፤ ጠጉሯ ሳይበቅል፣ ቆዳዋ ሳይሽር፣ ልጅ ሳትወልድ።

ሴትዮዋ የመጣችው ለዚህ ብቻ አልነበረም። መርከቡ ሊነሣ ሲል፣ ቤተሰብህ ሁሉ ተሳፍሯል ለማለት፣ ቤትህ ሙሉ ነው ወይ ተብሎ የተጠየቀው የሌፓ ወንድም፣ ማለት የሴትዮዋ አባት ነው። አገሩ እህቱን የካደ ብሎ ፊት ነሳው። አንድም ሰው ሰላም ሳይለው ኖሮ ሞተ። እሷም አባቷን እንደ አገሩ ሰው ስትጠላው ኖራለች። አርጅታ፣ ያን ቀን የነበረ ሰው በሕይወት አለ ስትባል፣ ያን ያህል ባሕር ተሻግራ መጣች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ያስቀራት አባቴ ነው ወይስ እናንተ?

ሊስቤት ጥያቄውን በግማሹ ተረጎመችው። ሜኔር ግን ሌፓ የሚለውን ስም ሰምቷል። ነፋስ አልነበረም ያን ቀን። ፈገግ አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

"ሌፓ ያቻት፣ እሷን ጠይቋት" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሌፓ፣ ሁሉም ተሳፍሯል?"

ሊስቤት አየችኝ። ዓይኗ ይለምናል፤ አንዲት ቃል ናት። ሴትዮዋም አየችኝ። ቋንቋውን አታውቅም፤ የአክስቷ ስም እኔ ላይ እንደወደቀ ግን ገብቷታል። አፌ ለምዶ አዎ ሊል ተከፈተ። ያን ጊዜ ጎኔ ሞቀኝ፤ በቀን ብርሃን፣ በቁሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

"እኔ አልተሳፈርኩም" አልኩት።

ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ሲናገር ድምፁ የበሽተኛ አልነበረም። አውቃለሁ አለና ቀጠለ። እዚያ አገር ወንድም የእህቱን ስም በወንዶች ፊት መጥራት ነውር ነው፤ አስተርጓሚው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ሴቶቹን በሴት አስጠይቅ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አባወራዎቹን መጠየቅ ይፈጥናል። ቤትህ ሙሉ ነው ስለው ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ውኃውን አየ። አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። ነፋሱ ሊዞር ነበር፤ ጊዜ አልነበረም። መርከቡ ይነሣ አልኩ አለ።

ሊስቤት ይህን አልተረጉምም አለች። ሴትዮዋ ምን አለ፣ ምን አለ እያለች እጄን ያዘችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እኔ ነገርኳት። አባትሽ ስሟን መጥራት አይችልም ነበር፤ ይህ ሰው ያንን ያውቅ ነበር አልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ የአባቷን ስም ጠራች። ለማንም አይደለም፤ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ሜዳ ላይ ራቅ ያለ ሰው እንደሚጠሩት፣ ደጋግማ ጠራችው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውኃ ከፈትኩ፤ መስማት አልቻልኩም።

ሲወጡ ሊስቤት መተላለፊያው ላይ፣ አንዲት ቃል ነበረች የጠየቅኩሽ አለችኝ። ሌላ ሠራተኛ እንዲልኩላትም ለድርጅቱ ደወለች። ሽማግሌው ግን ከሌላ ሰው እጅ አልበላም ስላለ መልሳ ጠራችኝ። አሁን ነፋሱ ሲነሣ ሜኔር አይነሣም። አይጠይቀኝምም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ቦታ ይለቃል። አንድ ቀን ድመቷ ልትተኛበት ስትል በእጁ መለሳት። እንቅልፍ የሚባል የለውም። አዝኜለት እንደሆነ ብትጠይቀኝ አላውቀውም። ሾርባውን አበላዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳይህ ልመለስ።

ሽባባው ስንዴ ይታደላል ብሎ ዋሽቶ ሰበሰበን፤ ይህ የእሱ ነው። ሜዳውን በታጣቂ አስከብቦ፣ የሸሸውን በሰደፍ አስመታ፤ የእሱ ነው። ለሽማግሌዎቹ በእኔ ስም ንገራቸው፣ አልሸሽገውም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር፤ ከላይ የታዘዘውን ከታዘዘው በላይ አድርጎ ሠራ። ለዚያ ይለምን፣ ለዚያ ይንበርከክ።

ግን መኪናው በር ላይ የነበረውን እኔም አስታውሳለሁ። እናት አባታችን በዚያው ዓመት ተከታትለው ሞተዋል፤ ሦስት ነበርን። እኔ መኪናው ላይ ወጥቻለሁ፣ አንተ ታች ነህ። ዓለምወርቅ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር በእናታችን ነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የግርሻ ትኩሳቱ ተመልሶባት ነበር። በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ከመኪና ይወርዳል፣ እህልም አይሰጠውም እየተባለ ይወራል። እኔ ከላይ ሆኜ የነጠላዋን ጥለት እያየሁ፣ አሁን ይዟት ይመጣል እላለሁ። ሽባባው በሩ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን አባወራ፣ ቤትህ ሙሉ ነው ወይ ይላል። ተራው የእኛ ሆነ።

"ሙሉ ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሩ ተቀረቀረ። ሞተሩ ተነሣ። አጠገቤ ስትመጣ የት አለች አልኩህ፤ ኋላ ካለው መኪና ላይ ናት አልከኝ። ወለጋ እስክንደርስ የኋላውን መኪና አቧራ ሳይ ሄድኩ።

ያ ድምፅ የሽባባው አልነበረም፣ ወንድም ጋሼ። ሽባባው ጠያቂው ነበር።

ገና ጢም አላበቀልክም ነበር። እጅህ ላይ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔንም ርቦኝ ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፣ ማንም አልነገረኝም። ሱዳን በረሃ ላይም ነግሬዋለሁ፣ እዚህ ደረጃ እየወለወልኩም ነግሬዋለሁ። አንተ ደግሞ ባገኘኸኝ ቁጥር፣ ደርግ ወድቆ አገርህ ከተመለስክ ወዲህም፣ ስልኩን ገና ሳነሣው፣ ሽባባው አይደል ያስቀራት ትለኛለህ። አዎ ሽባባው ነው እልሃለሁ። ያን ጊዜ ድምፅህ ይወርዳል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ታወራኛለህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም። ከሜኔር ቤት ስመጣ፣ ትራሙ ውስጥ፣ ይህ ነገር ገጠመልኝ። በአንዲት ቃል ሁለት ሽማግሌ ሳስተኛ ነው የኖርኩት።

ያቺ ሴት አባቷን ያገኘችው፣ አገራቸው የእህትን ስም መጥራት ስለከለከለ ነው። ቀናሁባት። በእኛ አገር ወንድም የእህቱን ስም በአደባባይ ይጠራል። ነውር አይደለም።

ለሽማግሌዎቹ የሚሰጥ ሌላ ወረቀት አልጻፍኩም። ይህን ብትሰጣቸውም ብትቀድደውም በእጅህ ነው። ሽባባው ግን እግሩ ሳይከዳው ሂድ፤ ቦታውን ያሳይህ። ድንጋይ አኑርበት፣ ስሟንም አስጽፍበት። ደርሰህ ስትቆም ጮክ ብለህ ጥራት፤ እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

እግዚአብሔር የተገፈፈልህን ዓይን ያቆይልህ። የዮሃናን ወግ ማዕረግ ያሳይህ። ጎተራህ አይጉደል፣ ደጅህም ከሰው አይለይ። የዓለምወርቅን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እኔንም ሳልሞት መቃብሯ ላይ ያቁመኝ።

ስልክህን አነሳለሁ። ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቹም እንጨዋወታለን፤ አልቀየምህም። ከእንግዲህ ግን አንተ የተጠየቅከውን እኔ አልመልስልህም።

የዓለምወርቅና ያንተ እህት